ንፁህ አድማስ

የፎቶ አንሺው ቀኝ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር የሚሠራ እጅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያጸዳ ኖሯል። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሁሉ ብጉሩን፣ ጠባሳውን፣ ዓይኑ ሥር ያጠቆረውን ድካም ይዞ ይገባና ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሶ ይወጣል። አንዳንዱ ፎቶውን አገላብጦ አይቶ፣ "ይሄ እኔ ነኝ?" ይላል። "በደህና ቀንህ አንተ ነህ" ይለዋል ፎቶ አንሺው። ከመልመድ ብዛት ጆሮው ሬዲዮ እየሰማ፣ አፉ ከደንበኛ ጋር እየተጫወተ፣ እጁ ለብቻው ማውሱን ይዞ ጥቁር ነጥብ ያየበትን ሁሉ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ ያልፋል። ማታ ላይ "ዛሬ ምን ምን አጠፋህ?" ቢባል አንዱንም አያስታውስም።

ነገሩ የልጅነት ጠባዩም ነው። እናቱ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ታላቁ ልጄ ቆሻሻ አይወድም" ሲሉ እየሰማ ነው ያደገው። ታናሽ ወንድሙ በባሕሩ ዳርቻ ጭቃ ተለውሶ ሲመጣ እሱ ሰሃኑን ይዞ ፈቀቅ ይል ነበር። እናትየው ይህን እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥሩለት ነበር። ወላድ ናቸው፣ ምን ይደረግ።

ሚስት አላገባም። "ጎህ ሳይቀድ ከቤት የሚጠፋ ባል ማን ይፈልጋል?" እያለ ይቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን እውነትም ነበረበት። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ካልከለከለው በቀር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካሜራውን ተሸክሞ ከወደቡ መብራት ማማ ሥር ይገኛል። የሚጠብቀው ፀሐይን ነው፤ ከባሕሩ ውስጥ ስትወጣ ሊያነሣት። የሠፈሩ ሰው "ፀሐይ ጠባቂው" የሚል ስም አውጥቶለት፣ "እሱ ካልቀሰቀሳት አትነሣም መሰል" እያለ ይሥቅበታል።

መጀመሪያ ሰሞን ያነሣቸው ፎቶዎች ያሳዝናሉ። ፀሐይዋ የተነጠፈ ጨርቅ ላይ የወደቀ የእንቁላል አስኳል፣ ባሕሩ ጥቁር ቀለም፣ አድማሱ ደግሞ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሊፈስ ያለ ይመስል የዘመመ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚሰበሰብ የፎቶ ማኅበር ገባ። ማኅበሩን የሚመራው አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ እጅግ የሚያውቅ፣ እጅግም የሚናገር ሰው። ከእሱ ብዙ ተማረ። ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስን፣ ከሁሉ የሚያምረው ቀለም እሷ ገና ሳትታይ የሚመጣው መሆኑን፣ ሰማዩ እንዳይነጣ የሌንሱን ላይኛ ግማሽ በጥቁር መስታወት መሸፈንን ተማረ። ካሜራውን በባለሦስት እግሩ ላይ ቆልፎ፣ የብርሃን ቀዳዳውን አጥብቦ፣ መዝጊያውን ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ ክፍት ማቆየትንም ተማረ። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ሞገዱ ሁሉ ተኝቶ ባሕሩ ወተት ይመስላል።

ግን ቀዳዳው ሲጠብ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ካሜራው ሆድ ውስጥ ያረፈ የአቧራ ቅንጣት ሁሉ ሰማዩ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። የእሱ ካሜራ ውስጥ አምስት ነበሩ፤ የፎቶ ቤቱ አሮጌ ምንጣፍ አቧራ ነው። አንድ ቅዳሜ መምህሩ የእሱን ፎቶ በትልቁ ግድግዳ ላይ አውጥቶ፣ በዱላው ጫፍ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ "ይሄ ምንድን ነው? ዝንብ ነው? ሰማይህን ሳታጥበው ነው እንዴ ያመጣኸው?" አለው። ቤቱ በሣቅ አወካ። የሰው ፊት በማጽዳት የታወቀ ሰው በገዛ ሰማዩ ቆሻሻ ተያዘ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

መምህሩ ሣቁ ሲበርድ አንድ ቁም ነገር ተናግሮ ነበር። "ነጥብ ስታዩ ቶሎ አትፍረዱ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። አቧራ ቦታውን አይለቅም። የተንቀሳቀሰ ነጥብ ነፍስ ያለው ነገር ነው" አለ። ፎቶ አንሺው ግን ፊቱ እንደ ፍም ግሎ ስለነበር አልሰማውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሕር ፎቶው ላይ ነጥብ ያየ እንደሆነ ሳያጠፋ እህል አይቀምስም።

ታናሽ ወንድሙ ዓሣ አጥማጅ ነው። ክንዱ ላይ ሁልጊዜ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ስለሚገኝ "ቅርፊት" ብለውት ቀርቷል፤ ሚስቱ ሳትቀር በዚያው ትጠራዋለች። ሣቂታ ነው፣ ነገር አይዝም። ፎቶ ቤት ጎራ ባለ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ (ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ አይገባም)፣ "ጋሼ፣ አንድ ቀን እኔንም አስገባኝ እንጂ" ይለዋል።

"የት ነው የማስገባህ?"

"እዚያ ፎቶህ ውስጥ ነዋ። ፀሐይዋ ስትወጣ እኔ እኮ እዚያው ነኝ።"

"ሰው ከገባበት ይበላሻል።"

"እሷ እንኳ ሳትጠየፈኝ! በየቀኑ ፊት ለፊቴ ነው የምትወጣው" ይልና እየሣቀ ይሄዳል።

ከዓመት በፊት አንድ ማለዳ ፎቶ አንሺው ወር ሙሉ የጠበቀው ዓይነት ብርሃን መጣ። መዝጊያውን ከፍቶ እየቆጠረ ሳለ አንድ ሞተር ጀልባ በፀሐይዋ ፊት እየተንደቀደቀ አለፈ። ቅርፊት ነው። ጭራሽ ቆሞ እጁን ያውለበልብለታል። ፎቶው ላይ የቀረው ከዳር እስከ ዳር የተጎተተ ጥቁር ጭረት ሆነ። ፎቶ አንሺው ጀልባው እስኪመለስ ጠብቆ መውረጃው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጮኸበት።

"ሁለተኛ ጎህ ሲቀድ ከማማው በስተምሥራቅ እንዳላይህ! ሰማህ? ዓይኔ እንዳያይህ!"

ቅርፊት መጀመሪያ ሣቀ። የወንድሙን ፊት አይቶ ግን ሣቁን ዋጠው። "እሺ ጋሼ። በደቡብ እዞራለሁ። ባሕር እንደሁ ሰፊ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢረዝምበትም፣ በደቡብ ዞረ። ፎቶ አንሺው ደስ አለው። አድማሱ ንፁህ ሆነ።

ነገሩ የሆነበት ማለዳ ማክሰኞ ነበር። ነፋሱ ገና መተኛቱ ነው፤ ደመናው ተቆራርጦ እንደ ጣራ ክዳን ተነባብሯል። ፎቶ አንሺው ባለሦስት እግሩን ድንጋዩ ላይ በኖራ ምልክት ካደረገባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ተከለ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ለብርሃኑ ልክ አንድ ፈጣን የሙከራ ፎቶ አነሣ። ከዚያ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያደረገ ሰባት አከታተለ። ከደመናው ሥር ያለው ሰማይ ከሐምራዊ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ መዳብ ሲለወጥ እሱ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የካሜራውን ስክሪን ነበር የሚያየው። ባሕሩን ቀና ብሎ አላየም። ለምን ያያል? የተማረው እንደዚያ ነው፤ ዓይን ይዋሻል፣ ስክሪኑ ግን ልኩን ይናገራል። ሦስተኛውን ፎቶ ሲያይ አወቃት። ስድስት ዓመት የጠበቃት እሷ ናት።

ፎቶ ቤቱን ከፍቶ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይለብስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቀለሙን አስተካከለ፣ አድማሱን በመስመር ለካ፣ ከዚያም ማጽዳት ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ስድስት ጊዜ። ፎቶዋን በኢሜይል ለመላክ እንዲያመች አሳንሶ ለመምህሩ ላከለት። ከቀትር በፊት መልስ መጣ። "አሁን ገና ፎቶ አንሺ ሆንክ" ይላል። መልእክቱን አራት ጊዜ አነበበው። እንባ እንባ አለው።

ከሰዓት በኋላ የወንድሙ ሚስት መጣች። እሷም እንደ ባሏ በሩ ላይ ነው የቆመችው።

"ወንድም ጋሼ፣ ቅርፊት አልተመለሰም።"

"ዓሣ ቢቀናው ነው።"

"አራት ሰዓት ላይ ነበር የሚመለሰው። ሌሎቹ ሁሉ ገብተዋል። ሞተሩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲያስለው ነበር፣ ሲሥቅ ነው የወጣው፣ 'ዛሬ እየሳለ ይሄዳል' ብሎኝ።" ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሷ ግን ተረቱን አልተናገረችውም፣ አፏን በእጇ ያዘች።

በማግሥቱ ማለዳ ወደብ ጽሕፈት ቤት ተሰበሰቡ። የፍለጋው ኃላፊ ሆዱ ጠረጴዛውን የሚገፋ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ከመስታወት ሥር ካርታ ተዘርግቷል። ያለው የፍለጋ ጀልባ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ሞተሩ ተፈትቶ ጥገና ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ምሥራቅ ነው፣ ወይ ደቡብ።

ጥግ ላይ የቆመ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ "ሞተሩ ከቆመ የባሕሩ ጅረት ወደ ምሥራቅ ነው የሚጎትተው። ሌሊቱን በሙሉ ሲጎትት ነበር። በማማው ፊት አሳልፎ ነው የሚወስደው" አለ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀና ቀይዋን መርፌ አንሥቶ ምሥራቁ ላይ ሊተክላት እጁን ዘረጋ።

"ምሥራቅ አልነበረም" አለ ፎቶ አንሺው።

ሁሉም ዞር አሉ።

"እኔ ማማው ሥር ነበርኩ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። በዚያ ያለፈ ጀልባ የለም። እሱ ደግሞ ማለዳ ምሥራቁን አይነካም፣ ምን እንዳልኩት ሁላችሁም ሰምታችኋል።" ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ሰለለ። ቶሎ ብሎ ያተመውን ፎቶ ከቦርሳው አወጣና መስታወቱ ላይ ዘረጋው። ፎቶው ከትናንት ጀምሮ ከእጁ አልተለየም።

ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ከዳር እስከ ዳር በጣቱ አድማሱን ተከተለ። "ንፁህ ነው" አለ።

"ንፁህ ነው" አለ ፎቶ አንሺው። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ጥቂት ኩራት ተሰምቶታል።

የወንድሙ ሚስት ፎቶውን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። "ወንድም ጋሼ፣ በዓይንህ ያየኸውን ነው የምትነግረን ወይስ ካሜራህ ያየውን?"

"ካሜራዬ ከዓይኔ ይበልጣል።"

"ልብ ካላየ ዓይንም ካሜራም አያይም" አለ ሽማግሌው ለብቻው እያጉተመተመ። ኃላፊው ግን ሰሚም አልሆነ፤ ያልተማረ ሽማግሌ ስለ ጅረት ከሚያወራ፣ ሰዓቱና ቀኑ የተጻፈበት ፎቶ ይሻላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መርፌዋን ደቡብ ላይ ተከላት።

ስምንት ቀን ደቡቡን አሰሱ። ፎቶው ፋይሉ ውስጥ ገባ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ የወንድሙ ሚስት ለምና ወሰደች። በቤቷ ጠረጴዛ ላይ አድርጋው ስታየው ትውላለች፣ "ይሄ ውኃ ነው የያዘብኝ" እያለች። ፎቶ አንሺው በየቀኑ እናቱ ዘንድ እየሄደ፣ "ዛሬ ያገኙታል፣ እማዬ" ይላቸዋል። በየቀኑም አንድ ሌላ ደሴት ይጠራላቸዋል፤ ምናልባት እዚያ ወጥቶ ይሆናል፣ ምናልባት እዚህ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ የጭነት መርከብ ጀልባዋን አገኛት። ከማማው በስተምሥራቅ፣ እጅግ ሩቅ። ቅርፊት መረቡ ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። በሸራ የዝናብ ውኃ ሲያጠራቅም ሰንብቷል። መቅዘፊያውን ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አቁሞ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሸሚዙን አስሮበታል። ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ፣ ከሞተ ሁለት ቀን ቢሆነው ነው አለ። ሰባት ቀን ሙሉ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሰባት ቀን ሙሉ እነሱ ደቡቡን ሲያርሱት ነበር።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺውን አጽናና። "አንተ ምን ታደርግ፣ ያየኸውን ነው የተናገርከው" አሉት። ኃላፊው ራሱ እጁን ጨብጦ፣ "ጅረቱ ኋላ ነው ያዞረው፣ ማን ያውቃል" አለው። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ብቻ ቀርቦ አላናገረውም። ፎቶ አንሺው በዚህ ቅር አለው፤ እንዴት ያለ ጨካኝ ሽማግሌ ነው ብሎ አሰበ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ እሑድ እናቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ክንዱን ይዘው አንድ ነገር ጠየቁት።

"ያን ቀን ማለዳ ፎቶ አንሥተሃል አሉ።"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሱ ያያትን ፀሐይ እኔም ልያት። ሚስቱ ዘንድ ያለው ትንሽ ነው፣ ዓይኔ አይደርስበትም። ትልቅ አድርገህ አምጣልኝ፣ እዚህ ግድግዳው ላይ።"

ያጸዳውን ያስቀመጠው ለመምህሩ አሳንሶ በላከው መጠን ብቻ ስለነበር ለትልቅ አይሆንም። ስለዚህ ሰኞ ረፋድ ላይ ሜሞሪ ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቶ የመጀመሪያውን፣ ያልተነካውን ፎቶ ከፈተ። እንደገና ሊያጸዳው ነው። ውጭ ጉርድ ፎቶ የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ሊታተም ስለሆነ በዚህ ጊዜ ጠንቀቅ አለ፤ ከሰባቱ የትኛው እንደሚሻል ሊመርጥ ሁሉንም ጎን ለጎን ደረደራቸው።

ነጥቦቹን ያውቃቸዋል። አንዱ ግራ ጥግ፣ ሁለቱ መካከል፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ። አምስት። የውሃው መስመር ላይ ግን ስድስተኛ አለ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ደብዘዝ ያለ፣ እንደ ጣት አሻራ የተድበሰበሰ። ምንጣፉን መቀየር ይገባኛል ብሎ አሰበ። እጁ ማውሱን ይዞ ወደዚያው ሄደ። ከዚያ ዓይኑ ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈና ቆመ። አምስቱ እዚያው ናቸው። ስድስተኛዋ ትንሽ ወደ ግራ ሄዳለች። በሚቀጥለውም ትንሽ። በሚቀጥለውም። ሰባተኛው ፎቶ ላይ ስትደርስ ከመጀመሪያው ቦታዋ የጣት ስፋት ያህል ርቃለች።

የመምህሩ ድምፅ መጣበት። ያልሰማው የመሰለው ነገር ጆሮው ውስጥ ለካ ተቀምጦ ኖሯል። የተንቀሳቀሰ ነጥብ ነፍስ ያለው ነገር ነው።

የሙከራ ፎቶዋን ማጥፋት ረስቶ ነበር፤ ያችን ፈጣኗን፣ ሞገዱ ገና ያልተኛባትን። ከፈታት። አጎላት። ደግሞ አጎላት። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ተድበስብሶ አቧራ የመሰለው ነገር እዚህ ላይ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ጀልባ ናት። መካከሏ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ከራሱ በላይ ረዥም ነገር ይዟል፣ ጫፉ ላይ የቀይ ጭላንጭል አለ።

ወደ ማማው ነበር የሚያውለበልበው። ወንድሙ እዚያ እንዳለ ያውቃላ። በየማለዳው እዚያ እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ፎቶ አንሺው ተነሣና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ደንበኞቹ ጥቂት አንኳኩ፣ ተሳደቡ፣ ሄዱ። ወለሉ ላይ፣ ያ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠና ጮኾ አለቀሰ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰውን ነው ያለቀሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። "ዓይኔ እንዳያይህ" ብሎት ነበር፤ እነሆ አላየውም።

ሳምንት ሙሉ ማማው ሥር አልሄደም። ማንም ሳያይ ሜሞሪ ካርዱን መስበር ይችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ በጣቶቹ መካከል ይዞ አጎበጠው፣ ሁለት ጊዜም መለሰው። በመጨረሻ ሦስተኛውን ፎቶ አተመ፣ በትልቁ። አምስቱን አቧራ አጠፋ። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርስ እጁ እንደ ልማዱ ሊሄድ ሲል፣ በግራ እጁ አንጓውን ይዞ አስቀረው። ሁሉን ለመናገር ወስኗል። መንገድ ላይ ንግግሩን ሲደጋግም ሄደ። "እማዬ፣ እሱ እዚህ ነው። እኔ አጥፍቼው ነው ሳይገኝ የቀረው።" እንዲህ ብሎ ሊጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይምጣ።

እናቱ ቤት የወንድሙ ሚስትም ነበረች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የባሏን ካፖርት ቁልፍ ትሰፋለች፤ ማን ሊለብሰው እንደሆነ እንጃ። የቅርፊት ቦት ጫማ በሩ ሥር እንደቆመ ነው። ፎቶ አንሺው ጥቅሉን ፈትቶ እናቱ ጉልበት ላይ ዘረጋው።

"ይቺ ናት እንዴ!" አሉ እናቱ። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "አየህ እንዴት እንደምታምር። ይቺን አይቶ ነዋ የሄደው።" ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉና ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። "ውይ፣ ቆሻሻ ይዞብሃል እኮ።"

የሻሻቸውን ጫፍ ምራቅ አስነክተው ማሸት ጀመሩ። በቀስታ፣ የሕፃን ጉንጭ እንደሚጠርግ ሰው።

"አልለቅ አለኝ" አሉ።

"አይለቅም፣ እማዬ" አለ ፎቶ አንሺው።

የወንድሙ ሚስት መርፌዋን ካፖርቱ ላይ ሰክታ ተነሣች። ከአማቷ ትከሻ በላይ ጎንበስ ብላ አየች። ፎቶውን ታውቀዋለች፤ ስምንት ቀን ሙሉ ስታየው ነው የዋለችው፣ ከስምንቱም ቀን በኋላ። እያንዳንዱን ደመና በቃሏ ታውቃለች።

"እዚህ ጋ ምንም አልነበረም" አለች።

ፎቶ አንሺው የጥቅሉን ክር ጣቱ ላይ ጠመጠመ።

"ወንድም ጋሼ፣ እኔ ዘንድ ባለው፣ እዚያ ለሰውዬው በሰጠኸው፣ እዚህ ጋ ምንም አልነበረም።"

"ነበረ" አለ። "አቧራ መስሎኝ ነው።"

የመጀመሪያው የገባት እሷ ናት። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ቁልቁል ሲወርድ አየ። ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ፣ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብታደርገው በወደደ። እሷ ግን እጇን ዘርግታ፣ አሁንም የሚያሹትን የአማቷን እጅ ቀስ ብላ ያዘች።

"ይተዉት እማማ፣ አይጥረጉት። አንዴ ተጠርጓል።"

"ማነው የጠረገው?" አሉ እናትየው፣ ቀና ብለው።

የወንድሙ ሚስት ዞር አለች። እሱን ዓይን ዓይኑን አየችው። መንገድ ሙሉ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ የቀረው አንድ ቃል ነበር።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

እናቱ ፈገግ አሉ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ጉልበቱን ቸብ ቸብ አደረጉለት። "አንተማ ድሮም ቆሻሻ አትወድም" አሉት።

የወንድሙ ሚስት ወደ በሩ ሄደች፣ የባሏን ቦት ጫማ በእግሯ ገፋ አድርጋ በሩን ከፈተችለት።